ሁለቱም ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ የቻርጀር መቃብር ሆኗል። ቆቦ ውስጥ ስልኩ አልሞላ ያለው ሰው ሁሉ "እትዬ ዘሐራ ጋ ውሰደው" ይባላል። ባጃጅ ነጂው፣ የጎረቤት ልጅ፣ ከዋጃ በሚኒባስ የሚመጣው ነጋዴ ሳይቀር የተቃጠለ ቻርጀሩን በፌስታል አንጠልጥሎ በሬን ያንኳኳል። "ዕድሜ ልክሽን የሠራሽው ይህንን አይደል?" ይሉኛል ደግሞ። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከከፍተኛ ቮልት ጋር ስታገል ኖሬ፣ መጨረሻዬ ቻርጀር ጠጋኝ መባል ነው ወይ እል ነበር።

ቆይቼ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። ያቺ ግድግዳ ላይ የምትሰካ ትንሽ ቻርጀር፣ የስልክ ጣቢያ ውስጥ የቆሙት ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ማሽኖችና የጉድጓድ ውሃ የሚስበውን ፓምፕ የሚያዘው ኢንቨርተር ዘራቸው አንድ ነው። ሁሉም የሚመጣላቸውን መብራት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይቆራርጡታል፤ ቁርጥራጩን መልሰው አለስልሰው በሚፈለገው ልክ ይሰጣሉ። የሚቆርጠው ትራንዚስተር የሚባለው ዕቃ ነው። ሲታዘዝ ይከፍታል፣ ሲታዘዝ ይዘጋል። ትእዛዙ በትክክል ከደረሰው ዓመታት ያገለግላል። ትእዛዙ ከደከመ ግን ግማሽ ከፍቶ ይቀርና በራሱ ሙቀት ይነድዳል። የእኔ ሥራ ያ ትእዛዝ በትክክል መድረሱን ማየት ነበር። የማየው ኦሲሎስኮፕ በሚባል፣ ኤሌክትሪክ እንዴት ከፍ ዝቅ እንደሚል በስክሪን ላይ በመስመር በሚስል መሣሪያ ነው።

ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የመንግሥት ደመወዝ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ከአውራ ጎዳናው ዳር ኮረብታ ላይ በተሠራ የስልክ ጣቢያ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና መጥረጊያ ሰጠኝ። ጠረግሁ። አንድ ቀን ጥገና የሚችለው ሰው ታሞ ሲቀር ማሽኑን ከፍቼ አስነሳሁት፤ በማግሥቱም መጥረጊያው እንደነበረ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለውን ሰው በነገር መርታት አይቻልምና ዝውውር ጠየቅሁ። ወልዲያ ወዳለው የጥገና ማዕከል ላኩኝ። ሰውዬው ተገላገልኳት ብሎ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ጋሽ ኪዳኔን ያገኘሁት እዚያ ነውና።

ጋሽ ኪዳኔ ትውልዳቸው ከወደ አላማጣ ነበር። አጭር፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ በሚሠሩበት ጊዜ ቃል የማይወጣቸው፣ ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ የማይቆሙ ሰው ነበሩ። እኔን "ጓለይ" ነበር የሚሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። በመጣሁበት ሳምንት ከሁሉም ፊት ጉድ ሠራሁ። ፕሮብ የሚባለው የኦሲሎስኮፕ መለኪያ ሽቦ ሁለት እግር አለው፤ አንደኛው የሚለካው ጫፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በመሣሪያው ሆድ አልፎ በስፒናው ሦስተኛ እግር በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ መቆንጠጫ ነው። ስለዚህ መቆንጠጫው የነካው ሁሉ ከመሬት ጋር ይያያዛል። እኔ ይህን በትምህርት ቤት ተምሬ፣ በፈተና ላይም ጽፌ፣ ወስጄ በቀጥታ ከመብራት ጋር የተገናኘ ሽቦ ላይ ቆነጠጥኩት። ጓ! አለ። ክፍሉ ጨለመ፤ ሰዎቹ ሮጠው ወጡ። ጋሽ ኪዳኔ ብቻ አጠገቤ ቆመው "እጅሽን አሳዪኝ" አሉ። እጄ ደህና መሆኑን ካዩ በኋላ ስለጉዳዩ ዳግም አንስተው አያውቁም።

የማዕከሉ ኃላፊ መፍትሔ አለኝ አለ። መፍትሔው ጉጠት ነበር። የኦሲሎስኮፑን ስፒና ሦስተኛ እግር ቆረጠው፤ ከመሬት ካልተገናኘ አይፈነዳማ! በአገራችን ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም። የድሮ ሶኬቶቻችን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለነበራቸው ባለሦስት እግር ስፒና ሲመጣ አንዱን መቁረጥ እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር። ፍንዳታው በእርግጥ ቀረ። ነገር ግን መሣሪያው ራሱ፣ ብረት ሣጥኑ ሳይቀር፣ የሚለካውን ቮልት ተሸክሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ጋሽ ኪዳኔ ስክሪኑን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ተወረወሩ። ክንዳቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ እስኪሞቱ ድረስ አይቸዋለሁ። እንደተነሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አዲስ ባለሦስት እግር ስፒና ፈልጎ መግጠም ነበር። ከዚያ በኋላ ኃላፊውን በደረሱበት ሁሉ፣ በቢሮው፣ በሻይ ቤቱ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር "ልዩነት የሚለካው ፕሮብ ይገዛልን" እያሉ መፈናፈኛ አሳጡት። ሰውየው ሲሰለቸው ገዛ።

ዕቃው የመጣ ዕለት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

"ጓለይ፣ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የታሰረች ዶሮ አለች። አውቶቡሱ በኮረኮንች ላይ እየዘለለ ይሄዳል። የዶሮዋን ቁመት ለኪ ብልሽ ከየት ትጀምሪያለሽ?"

"ከመሬት" አልኳቸው ሳላስብ።

"ከመሬት ከጀመርሽማ የለካሽው አውቶቡሱን ነው። ዝላዩ ዶሮዋን ይውጣታል። ከእግሯ እስከ ራሷ ነው እንጂ!"

ነገሩ ይኸው ነው። በማሽኑ ውስጥ አንዱ ላይ አንዱ ታች ሆነው ተራ በተራ ከሚሠሩት ትራንዚስተሮች ለላይኛው የሚሰጠው ትእዛዝ አሥራ አምስት ቮልት ብቻ ነው፤ ግን ከአምስት መቶ ቮልት በላይ ወደ ላይ ወደ ታች በሚዘልል ነገር ጀርባ ላይ ተቀምጦ ነው የሚኖረው። አዲሱ ፕሮብ ከመሬት ጋር የተያያዘ እግር የለውም። ሁለት እኩል ጫፎች አሉት፤ አንዱ የትእዛዙ እግር ላይ፣ ሌላው ራሱ ላይ ይያዛል፤ በሆዱ ያለው አምፕሊፋየር የአንዱን ከሌላው ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ወደ ስክሪኑ ይልካል። ዝላዩ ለሁለቱም እኩል ስለሚደርስ ተቀናንሶ ይጠፋል።

ይጠፋል መባሉን ግን ጋሽ ኪዳኔ አያምኑም ነበር። ዝላዩ በጣም ፈጣን ከሆነ አምፕሊፋየሩ አጣርቶ መቀነስ ያቅተዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሌለ ሾህ፣ ማለትም ሹል መስመር፣ ያወጣል። ሽቦዎቹ ተንዘላዝለው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከማንኛውም ልኬት በፊት ሁለቱንም ሽቦዎች እርስ በርስ ይገምዷቸዋል። ከዚያ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ያስነኩና ስክሪኑን ያያሉ። አንድ ነጥብ ከራሱ ጋር ልዩነት የለውምና መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት። ቀጥ ካላለ የሚታየው ነገር ሁሉ የመሣሪያው የራሱ ነው። ያንን ሳያዩ ምንም ነገር አይለኩም ነበር፤ አለቃ ቆሞ ቢጮህም፣ ስልክ ተቋርጦ አገር ቢንጫጫም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ይሄኛው ግን እኔን ያስቆጣኝ ነበር። ማሽኑን ካስነሱ በኋላ አይሄዱም። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ ሻይ ያስመጣሉ፣ ስለልጆቻቸው ያወራሉ። "ተሠርቷል እኮ ጋሼ፣ እንሂድ" ስላቸው "እስኪረሳን ድረስ ቆዪ" ይሉኛል። ማሽን ሰው እንዴት ይረሳል? እንደ ቀልድ ነበር የምይዘው።

ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ወደ ቆቦ ተዛወርኩ። የተመደብኩት የመስኖ ጉድጓዶችን ፓምፖች የሚጠግን ክፍል ውስጥ ነበር። የራያ ሜዳ ከላይ ሲታይ ደረቅ ነው፤ ውሃው ከሥር ነው። ውሃው ካልወጣ ደግሞ ሽንኩርትም ቲማቲምም የለም። እዚህ አገር ኢንቨርተር ሲቃጠል የሚደውልልኝ ሰው ድምፅ ሐኪም ቤት ከሚደውል ሰው ድምፅ አይለይም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያ አለቀብን። እኔ ጋ የቀረው አንድ አሮጌ ኦሲሎስኮፕና ጋሽ ኪዳኔ ጡረታ ሲወጡ ያወረሱኝ ፕሮብ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

አሁን የማወራው ጡረታዬ ሲቃረብ ስለገጠመኝ ጉዳይ ነው። ከሮቢት ወደ ቆላው ወረድ ብሎ አንድ ጉድጓድ አለ፤ የውሃ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር አርሶ አደሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ይማም የሚባል ረጅም፣ ቁጡ፣ ግን ልቡ ንጹሕ ሰው ነው። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሁሴን ይባላል፤ በልጄ ዕድሜ ያለ፣ ሁለት ሕፃናት ያሉት ጎልማሳ። ኢንቨርተሩ የተቃጠለው ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ሲጀምር ነበር። ያኔ ውሃ የተቋረጠበት ሽንኩርት ኋላ ቢያጠጡት አይመለስም።

ገና በጠዋቱ ደረስኩ። የፓምፕ ቤቱ ወለል ከመጽዳቱ የተነሳ ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብዬ ነበር የገባሁት። ማሽኑ ራሱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አቧራ የለ፣ የሸረሪት ድር የለ። እንዲህ ያለ ኦፕሬተር አጋጥሞኝ አያውቅም። "አላህ ይባርክህ" አልኩት፤ ከልቤ ነበር። የተቃጠለውን ካርድ፣ ትራንዚስተሮቹ ያሉበትን ሰሌዳ፣ ቀየርኩ፣ ሁለቱን ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ አስነክቼ ፕሮቤን ፈተንኩ፣ ትእዛዙን ለካሁ። አሥራ አምስት ቮልት፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ። ውሃው ወጣ፤ ሰዉ መረቀኝ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሌላ ጉድጓድ ሊያደርሰኝ ስለቸኮለ ሄድኩ።

ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ተቃጠለ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ከሽፎብኛል፤ እንደዚህ ግን የቆረጠመኝ የለም። ለክቼ፣ አጣርቼ፣ ደህና ነው ብዬ ያስረከብኩት ማሽን ነው የነደደው። መለዋወጫ ካርድ ደግሞ አልነበረም። ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ሽንኩርቱ በቁሙ ደረቀ። የይማም ማሳ ከሁሉም የከፋ ነበር። በመንገድ ሳልፍ ቅጠሉ እንደ ገለባ ተኝቶ አየሁትና ዓይኔን መለስኩ።

በመሀሉ ዕቃውን ከሸጠው ድርጅት አንድ መሐንዲስ መጣ። ትሑት ልጅ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጉድጓድ በአንድ ቀን እንዲያይ ነበር የላኩት። ከጎን ያለውን የሌላ ጉድጓድ ተመሳሳይ ካርድ አምጥቶ ገጥሞ ለካ፤ ስክሪኑ ላይ ትላልቅ ሾህ አየ። "ከመቆጣጠሪያው ላይ ሌላ ነገር ተቀጥሎበት ነበር መሰለኝ" ብሎ የተዋሰውን ካርድ ነቅሎ ሄደ። የስክሪኑን ፎቶም ለይማም በስልኩ ላከለት። መሰለኝ ነበር ያለው። መንደር ውስጥ ሲገባ ግን "መሰለኝ"ዋ ወደቀች። ሁሴን የጎረቤቱን ሁሉ ስልክ ሲሞላ ይታይ ነበር፤ እርግጥ የሚሞላው ከቤቱ ሶኬት ነው። አሁን ግን ከማሽኑ ሆድ መብራት ሰርቆ እየሸጠ አቃጠለው ተባለ።

ሁሴን ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠ። "መርምሩኝ። ሌባ ነህ ብላችሁ ከፈረዳችሁ ግን እዚህ አገር ልጅ አላሳድግም፤ መንገዴ ወደ ባሕር ነው" አለ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ መንገድ ወደ ዐረብ አገር ሄደው ያልተመለሱ ልጆች የሌሉበት ሰፈር የለም።

አዲሱ ካርድ ሲመጣ እኔም ተጠራሁ። ከፓምፕ ቤቱ በር ፊት ያለ ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መሪያቸው ሼህ እንድሪስ ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም።

"ነይ ልጄ" አሉኝ። "ይማም በስልክ የያዘው ምስል አለ። የማሽኑ ምስክርነት ነው ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ሼኽዬ፣ ምስክሩን ራሱን ሳልመረምር ምንም አልልም" አልኳቸው።

"እሱስ ደግ ነው። ምስክርማ ይመረመራል" አሉ።

ካርዱን ገጠምኩ። ሁሴን ፓምፑን አስነሳ። የፕሮቤን ሽቦዎች ሳልገምድ እንዲንዘላዘሉ ተውኳቸውና ሁለቱንም ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ አስያዝኩ። ስክሪኑን በሩ ላይ አውጥቼ ለሁሉም እንዲታይ አዞርኩት።

"ሼኽዬ፣ አንድ ሰው ከቤቱ እስከ ቤቱ ስንት እርምጃ ነው?"

"ምን ትላለች? ከቤቱ እስከ ራሱ ቤት?"

"አዎ።"

"ምንም ነዋ!"

"እንግዲህ አሁን የያዝኩት ከአንድ ነጥብ እስከ ራሱ ነው። ይማም፣ ምን ይታይሃል?"

ይማም ጎንበስ ብሎ አየ። ስልኩን አወጣ። ስልኩን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ሾሁ አንድ ዓይነት ነበር።

"ይኼማ ያው ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ሽቦዎቹን ገመድኳቸው፤ ሾሁ ሟሽሾ ጠፋ። "መሐንዲሱ አልዋሸም" አልኩ። "ያየውን ነው የተናገረው። ያየው ግን የመሣሪያውን ነው እንጂ የሁሴንን አይደለም።"

ሁሴን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ "አልሃምዱሊላህ" አለና ቀና ብሎ ቆመ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ይማም ግን ሞኝ አይደለም።

"ወላሂ፣ ይኼ ምስክር ወድቋል እንበል። ታዲያ ማን አቃጠለው? ሁለት ጊዜ ሙሉ ነፋስ ነው ያቃጠለው? ሽንኩርቴን የበላው ማን ነው እትዬ ዘሐራ?"

ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ትእዛዙን ለካሁ፤ አሥራ አምስት ቮልት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ያለ። አንድም እንከን የለበትም። እንደዚያ ሆኖ ብሄድ የሁሴን ስም ግማሽ ጸድቶ ግማሽ እንደቆሸሸ ይቀር ነበር። ያኔ ነው የጋሽ ኪዳኔ "እስኪረሳን ድረስ ቆዪ" የገባኝ። ማሽኑን ያየሁት ሁለቱንም ጊዜ እኔ ቆሜበት፣ ሰው ከብቦት፣ በጠዋት ነው። ማንም በሌለበት፣ በተራ ቀን፣ በቀትር እንዴት እንደሚውል አላየሁም።

"መኪናው ይሂድ፤ እኔ እቆያለሁ" አልኩ። "ሁሴን፣ እኔ የለሁም በል። ሽማግሌዎቹም የሉም። ሌላ ቀን የምታደርገውን ሁሉ አድርግ።"

ሰዉ ግራ ገባው። ፕሮቡን እንዳያያዝኩ የማሽኑን ክዳን ዘጋሁ፤ ሽቦውን በጎን አወጣሁት። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ቆርቆሮው ይንጣጣ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ዙሁር ሰግደው ተመለሱ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስለልጆቻቸው እጠይቃለሁ፤ ጋሽ ኪዳኔን የሆንኩ መስሎኝ ሳቄ መጣ። ሁሴን መጀመሪያ አፍሮ ቆሞ ነበር። ቆይቶ ወለሉን ጠረገ። ቧንቧውን አየ። ማሽኑን በጨርቅ ወለወለ። ከዚያ ከጥጉ ካለ ሣጥን ውስጥ አንድ የታጠፈ ነገር አወጣ፤ በሁለት እጁ ዘርግቶ ማሽኑን አለበሰው።

ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ነው። አቧራ እንዳያስገባ ውስጡ የላስቲክ ገበር አለው። ላዩ ላይ በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ዳንቴል፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ ያለው፣ የሙሽራ ቤት ቴሌቪዥን ላይ እንደሚደረገው። ሁሴን የጽጌረዳውን ገጽ ወደ ፊት አዞረና ጠርዙን አስተካከለ። ከዚያ ወጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

ማሽኑ ከታች ቀዝቃዛ አየር ስቦ ሙቁን በአናቱ ነው የሚያወጣው። ሙቀት ሲበዛ ማሽኑን የሚያጠፋው የሙቀት መለኪያ ያለው ከታች ነው። ትእዛዙን የሚያመነጨው ትንሹ የኃይል ካርድ ያለው ደግሞ አናቱ ላይ፣ ልክ ከዳንቴሉ ሥር ነው። ይህንን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩት፤ ግን አልተናገርኩም። ብናገር ግምት ነው። ስክሪኑን አየሁ።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀጥ ያለው መስመር መወፈር ጀመረ። ቆይቶ ዝቅ አለ። አሥራ አራት ሆነ፤ እንደገና ዝቅ አለ፤ የደከመ ሰው እንደሚተነፍስ ይነሣል ይወድቃል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ከኋላዬ ቆሙ። መስመሩ ምን እንደሆነ ባያውቁም እየሞተ መሆኑን ለማወቅ ነጋሪ አላስፈለጋቸውም። የጋለ ቫርኒሽ ሽታ ሲመጣብኝ "አጥፋው!" ብዬ ጮህኩ። ሁሴን በርሮ ገብቶ አጠፋ። ዳንቴሉን ስገልጠው ትኩሱ አየር የድስት ክዳን እንደተከፈተ ፊቴን ገረፈኝ።

ሲቀዘቅዝ ሳይሸፈን አስነሣነው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆየ።

"ድገሚው" አሉ ሼህ እንድሪስ።

ደገምኩት፤ ሸፈንነው፤ ደከመ። ገለጥነው፤ ዳነ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም። ይማም ሁሴን ፊት ቆመና ያ ረጅም ቁመቱ ጎበጠ። "ሁሴን፣ በአላህ አፉ በለኝ። ስምህን ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አለ ሁሴን። ግን ይማምን አላየውም፤ የሚያየው ዳንቴሉን ነበር። "ሌባ ስትሉኝ ውሸት ስለሆነ እችለው ነበር፣ አቦ ይማም። ማታ ማታ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ግን ሽንኩርታችሁን ያደረቅሁት እውነትም እኔ ነኝ።"

"እኔም እኮ ለብሶ አይቼው ማሻአላህ ብያለሁ" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"ለክሩ አዋጡ ያልኩትስ እኔ አይደለሁ?" አለ ይማም።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሡና ፈረዱ። ማሽኑ የሁሉም፣ ዳንቴሉም የሁሉም፣ ጉዳቱም የሁሉም ነው፤ ሁሴን ከሥራው አይነሣም፤ ይህን ነገር ዳግም በክፉ የሚያነሣ ከማኅበሩ ፊት ይቆማል አሉ። ዱዓ አደረጉ። "አሚን" ተባለ። ሁሴንም አሚን አለ፤ የባሕሩን ነገር ዳግም አላነሣም፤ ዛሬም እዚያው ፓምፑ ጋ ነው።

አሚኑ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ሚስቱ ከድጃ የሽማግሌዎቹን ምሳ ተሸክማ መጣች። የዳንቴሉ ባለሙያ እሷ ናት። ሕፃን እያጠባች፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከክረምት እስከ በጋ የሠራችው ነው። ሼህ እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ለሷ ባንነግራትስ?" አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። መሣሪያዬ ያሳየኝን በሙሉ ተናግሬ የኖርኩ ሰው፣ ያን ጊዜ ዝም ማለት ፈለግሁ።

ከድጃ ምሳውን አስቀመጠች። ዳንቴሉ ወንበር ላይ ተጥሎ አየችው። "ቆሸሸ እንዴ? አምጡት ልጠበው" አለች።

"አልቆሸሸም" አለ ሁሴን። "ከድጃ፣ ማሽኑን ያፈነው ይኼ ነው። አንች ሠራሽው፣ እኔ አለበስኩት። ሁለት ጊዜ ያቃጠልነው እኛ ነን።"

ማሽኑን አየች፣ ባሏን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። አላለቀሰችም። ዳንቴሉን አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችና ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ ዘሐራ፣ ያን ጊዜ መጀመሪያ ሲመጡ እዚሁ ነበር እኮ። እንዴት አላዩትም?"

"አልነበረም ልጄ። ስመጣ ማሽኑ ተወልውሎ፣ ራቁቱን ነው ያገኘሁት።"

"አዎ" አለች ከድጃ፣ አሁን እያስታወሰች። "መኪናዎ ሲሰማ ሮጬ የገፈፍኩት እኔ ነኝ። አቧራ ጠጥቶ ስለነበር፣ ለአንቱ ክብር ብዬ። እንግዳ አይደሉ?"